ባዶ ገል ይዘው የተገናኙት

ተረቴ መጣች፤ ጆሮ ያለው በረቱን ይክፈት።

በአንድ ብርዳም አገር ኤሊ፣ ጦጣና ጃርት ጎረቤታሞች ነበሩ። ኤሊ «የክረምቱን እሳት በአንድ ምድጃ አዳፍነን ተራ እየገባን እንጠብቅ» ብትል፣ ያቺ ኩሩ ጃርት እሾኋን አቁማ «በኔ ምድጃ ማንም አያዝም!» አለች። ጦጣም ሳቀች።

ዝናቡ ሦስት ቀን ወረደ። ሁለቱም «ቢጠፋ ከጎረቤት እጭራለሁ» ብለው ሳያዳፍኑ ተኙ። በማለዳ ጦጣ የሚንቀጠቀጥ ልጇን አዝላ፣ የእሳት መጫሪያ ገሏን ይዛ ስትወጣ ጃርትን ባዶ ገል እንደያዘች አገኘቻት።

«ወዴት ነሽ እቴ?»

«ወዳንቺ! አንቺስ?»

«እኔም ወዳንቺ!»

ተያይዘው ኤሊ ቤት ሄዱ። ከአመዱ ሥር አንዲት ፍም ቀርታለች።

«ለብቻዬ ስጠብቃት ሦስት ቀን አልተኛሁም፤ ዛሬስ ዓይኔ ሊከደን ነው» አለች ኤሊ።

ጃርት እሾኋን አስተኛች። «ለመሆኑ ተራው ከማን ይጀምር ነበር ያልሽው?»

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ግን እሳት ይፈልጋል።