ጉሬዛ፣ ጃርትና የግድቡ ኮምፒውተር

ድሮ፣ አንድ ኮምፒውተር ዝሆን በሚያክልበት ዘመን፣ ስሟ በተረሳ አገር እንስሳት ወንዝ ገድበው ይኖሩ ነበር። የግድቡን በሮች የሚከፍተውና የሚዘጋው ኮምፒውተሩ ነበር። ሲነቃ ምን መሥራት እንዳለበት የሚያነበው እትዬ ጃርት ከምትጠብቃቸው ትንንሽ ፋይሎች ነው። ፋይሎቹን ፊደል የቆጠረ ሁሉ ከፍቶ ያነባቸዋል፤ ችግሩ፣ ከፍቶ ያርማቸዋልም። ጉማሬ ውሃ እንዲበዛለት ቁጥር ይጨምራል፤ ከርከሮ ተከትሎ ይቀንሳል። ማን እንደነካው የሚያውቅ የለም።

አንድ ቀን ጉሬዛ ነጭ ካባውን ደርቦ ከሩቅ አገር ትምህርት ተመለሰ። የአገሩ አለቃ ጎሽ ዘንድ ቀርቦ፣ ሁሉም ነገር በአንድ የመረጃ ቋት ይግባ አለ። «አንድ ቤት፣ አንድ በር፣ አንድ ጠባቂ።» ጠባቂው ማን እንደሚሆን ሲጠየቅ በትሕትና አንገቱን ደፋ።

እውነት ለመናገር ቋቱ ጥሩ ነበር። ጉማሬ ቁጥር ሲለውጥ ስሙ ይመዘገብበታል፤ ስሙ ሲመዘገብበት ደግሞ ጥማቱ ቀነሰ። ከርከሮም አፈረ። ጉሬዛ ግን ምስጋናው አልበቃውም፤ ኮምፒውተሩ ሲነቃ የሚያነባቸውን የመጨረሻዎቹን ፋይሎችም ወደ ቋቱ ከተተና ከነበሩበት አጠፋቸው።

«ልጄ፣ ቋቱ ራሱ የሚከፈተው ኮምፒውተሩ ከነቃ በኋላ አይደለም እንዴ?» አለችው ጃርት።

«እትዬ፣ እርስዎ እሾህዎን ይቁጠሩ፤ ዘመናዊውን ለእኔ ይተዉልኝ። አንድ ቤት፣ አንድ በር፣ አንድ ጠባቂ።»

ጎሽ አጨበጨበ። አለቃ ሲያጨበጭብ ያላጨበጨበ ማን አለ?

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብረቅ ወደቀና ኮምፒውተሩ ጠፋ። ሲቀሰቅሱት፣ ትእዛዜን ከቋቱ አምጡልኝ አለ። ቋቱን ሲጠይቁት፣ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ይንቃ አለ። ሁለቱ እንዲህ ሲጠባበቁ በሮቹ እንደተዘጉ ውሃው እየሞላ ሄደ።

ጉድጓዷ ከግድቡ ዳር የነበረ ፍልፈል እየሮጠች መጣች። ውሃው ደጇ ደርሷል፤ ሰባት ልጆቿ ገና መሄድ አይችሉም። ጉሬዛ እንደ ልማዱ፣ አንድ ቤት፣ አንድ በር ብሎ ጀመረ።

«በሩስ የት ነው፣ ጌታው?» አለችው ፍልፈል።

ጉሬዛ ካባውን አስተካከለ። ጃርት ግን ተቀመጠችና ከትዝታዋ ዘጠኝ መስመር ብቻ ያለው ፋይል ጻፈች፤ የቱ በር በቅድሚያ እንደሚከፈት፣ ስንት ስንዝር፣ ቋቱስ የት እንዳለ። ኮምፒውተሩ አነበበ፤ ነቃ፤ በሮቹን ከፈተ፤ ቋቱንም አስነሣ። ፍልፈል ልጆቿን እርጥብ ቢሆኑም ሰባቱንም ቆጥራ አወጣች።

በማግስቱ ሸንጎ ተቀመጠ። ብዙ እጅ የሚነካካው በቋቱ ይሁን፣ ለመንቃት የሚያስፈልገው በፋይል ይቅር ተባለ። ውሳኔውን ያነበበው ጉሬዛ ነው፤ ሐሳቡም ከጥንት የእሱ እንደነበር አስረዳ። ጎሽ ሁለተኛ ካባ ሸለመው። ጃርትም ተጠራች፤ እንድታጨበጭብ።

እሷም አጨብጭባ ስታበቃ፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ለፍልፈል ይህን ብቻ አለቻት ይባላል፦

እህል በጎተራ፣ የጎተራው ቁልፍ በኪስ።