የጃርት ሦስት ጭረት

አንድ ጊዜ፣ ጉልት ላይ ከጎኔ ሽንኩርት የሚሸጡት እትዬ ደብሪቱ እንደነገሩኝ፣ አውሬውም የቤት እንስሳውም በአንድ ሰፈር ይኖር በነበረበት ዘመን፣ እመት ጃርት የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። እንስራ ሠርታ ስትጨርስ ከጀርባዋ አንድ እሾህ ትነቅልና አንገቱ ላይ ሦስት ጭረት ትጭርበታለች። ያ ጭረት ያለበት እንስራ አይሰነጠቅም፣ አያንጠባጥብም ተብሎ ከቆላ እስከ ደጋ ስሟ ወጥቷል።

አንድ ልማድ ነበራት። እንስራው የተሰበረበት ሁሉ ገሉን ለቅሞ ያመጣላታል። እሷ ገሉን ታደቅቀዋለች፣ ትነፋዋለች፣ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ታቦካዋለች። ያመጣውም ዝም ብሎ አይሄድም፤ ቁጭ ብሎ አብሮ ይወቅጣል። እየወቀጡ ወሬ ነው፣ ሳቅ ነው፤ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር ታየ፣ እዚያ ደጅ የማይሰማ የለም።

«እመት ጃርት፣» አለቻት አንድ ቀን አህያ፣ «ጭቃው ሞልቶ ተርፎ፣ ይሄ አሮጌ ገል ምን ያደርግልሻል?»

«አህያዬ፣ ጭቃ ብቻውን ልጅ ነው፤ እሳት ሲያይ ይደነግጣል። እሳት የቀመሰ ገል መሃሉ ሲገባ ግን ይጸናል። እኔ መሥራት የምፈልገው፣ እኔ ከሞትኩ በኋላ የልጅ ልጆችሽ ውሃ የሚቀዱበትን እንስራ ነው።»

ፊት ለፊት አያ ጅቦ ይኖራል። ጠዋት ብቅ ሲል የጃርት ደጅ ሞልቷል፤ ሲመሽ ብቅ ሲል እንደሞላ ነው። በእሱ ደጅ ዝንብ እንኳ አጥንት ከሌለ አትቆምም። ማዶ ሳቅ በሰማ ቁጥር በእሱ የሳቁ ይመስለዋል። የሚግጠው አጥንት አልጣፍጥ አለው። በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ፣ ሲያይ፣ ዓይኑ ደም መሰለ።

«አንቺ ቀበሮ!» አለ በደጁ ስታልፍ። «ይቺ እሾሃም ምን ብታስነካቸው ነው? እኔ ከእሷ በምን አንሳለሁ? በቁመት እበልጣታለሁ፣ በድምፅ እበልጣታለሁ፣ በሆድማ አይወራም!»

ቀበሮ በጓዳው የተሰቀለውን ሥጋ ከመንገድ አሽትታለች። አንገቷን ሰበር አድርጋ ገባች።

«አያ ጅቦ፣ እርስዎማ ተበድለዋል። የሚወዱት እሷን መሰለዎት? ጭረቷን ነው እኮ!»

«ጭረት ብቻ?»

«ጭረት ብቻ። እሾኋ መንገድ ለመንገድ ወድቆ ይገኛል። ለምክሬ አንድ ሙዳ ይቁረጡልኝና አንዱን አመጣልዎታለሁ።»

«ሁልጊዜ የሚወቅጡት ገልስ?»

«ኧረ እሱ የወሬ ሰበብ ነው!»

አያ ጅቦ ሙዳውን ቆርጦ ሰጠ፤ አንድ እሾህም ተቀበለ። በሦስት ቀን ሃያ እንስራ አቆመ። ገል የለበት፣ ጥላ ሥር ማድረቅ የለ፤ ከጭቃ ወደ ፀሐይ፣ ከፀሐይ ወደ እሳት። ግማሹ እዚያው እሳቱ ውስጥ ፈነዳ። በተረፈው ላይ «ጭረት ሲበዛ ገበያ ይበዛል» ብሎ አምስት አምስት ሊጭርበት ሲል ቀበሮ ናት እጁን የያዘችው።

ሐሙስ ዕለት ቀበሮ ገበያ አወጣችለት።

«የእመት ጃርት ናቸው?» አለች አህያ።

«ዓይን የለሽም? ጭረቱን ቁጠሪ!»

አህያ ቆጠረች፤ ሦስት ነው፤ ገዛች። ጦጣም ገዛች፣ በሬም ገዛ። አያ ጅቦ ከቁጥቋጦ ጀርባ ሆኖ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱ ሥራ የቆመ ሰልፍ አየ። በሌላ ስም ነው፤ ግን ሰልፍ ነው። ደስታ አፈነው።

በጋው ከረረ። የሰፈሩ ምንጭ ደርቆ ከሩቅ ምንጭ ግማሽ ቀን ተሂዶ ነው የሚቀዳው። አህያ እንስራዋን ሞልታ ስትመለስ፣ እንስራው ጀርባዋ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ውሃው አቧራ ውስጥ ገባ፤ ውርንጭላዋ ደግሞ ቤት ታሞ ተኝቷል። የጦጣም ፈሰሰ፣ የበሬም ፈሰሰ። የተሰበረውን ገል ይዘው በቁጣ የጃርትን ደጅ ሞሉት።

«ልጄ ምላሱ ደርቆ እየጠበቀኝ ነው!» አለች አህያ። «አንቺን አምኜ! ስምሽ ይጥፋ!»

ጃርት ገሉን ተቀብላ ስብራቱን በጣቷ ዳበሰችው።

«ለስላሳ ነው። አሮጌ ገል አልገባበትም። ይሄ የእኔ እጅ አይደለም።»

«እሱማ ቀበሮን ጠይቁ!» አለ በሬ። «እሷ ናት የሸጠችልን።»

ቀበሮ ከዳር ቆማ ነበር። «እኔ ሻጭ ነኝ፤ ሠሪው አያ ጅቦ ነው» ብላ ወዲያው አጋለጠችው።

ጃርት በሯን ዘግታ «ሂዱና ከእሱ ጠይቁ» ብትል ማን ይፈርድባታል? እሷ ግን ከጓዳዋ ውሃ የሞላውን የራሷን እንስራ አውጥታ ለአህያ አሸከመቻት። «መጀመሪያ ልጁ ይጠጣ» አለች። ከዚያም፣ «የገዛችሁት ጭረቴን አይታችሁ ነው፤ ለተሰበረበት ሁሉ እተካለሁ።»

«ብቻሽን?» አለች ጦጣ።

ጦጣ ተቀመጠችና መውቀጫውን አነሳች። በሬ ጭቃውን በእግሩ ረገጠ። አህያ ልጇን አጠጥታ ስትመለስ ኩበት ጭና መጣች። ሥራው ሲያልቅ ጃርት ከጀርባዋ እሾህ እየነቀለች ለእያንዳንዱ ሰጠች።

«ሠርታችኋል፤ ጭረቱ የእናንተም ነው። ጭረቱን አምኖ የሚገዛውን ግን አደራ፣ አታሳፍሩ።»

አያ ጅቦ በአጥሩ ቀዳዳ ይህን ሁሉ ያይ ነበር። ጃርት ዓይኑን አየችው።

«አያ ጅቦ፣ ምን ትደበቃለህ? ና ግባ፣ ሥራውን አስተምርሃለሁ። ግን እንደ ሁሉም ገልህን ይዘህ ና።»

አያ ጅቦ የፈነዱበትን እንስራዎች ገል በስልቻ ሞልቶ ደጁ ድረስ ወጣ። ያን ጊዜ ጦጣ በበሬ ጭቃማ እግር ቀልዳ ሁሉም ሳቁ። እሱ ግን «በእኔ ነው የሳቁት» አለ። ስልቻውን ይዞ ተመለሰና ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው።

«ለእሷ ገል ልሸከም? ምን አላትና! አንድ እሾህ!»

ጃርት አርጅታ ሞተች። አህያና ጦጣ፣ በሬም፣ እዚያው ደጅ ሦስት ጭረት እየጫሩ እንስራ ሠሩ፤ ከእነሱም በኋላ ልጆቻቸው ሠሩ። ቀበሮ ሌላ ሰፈር ገባች። አያ ጅቦ ግን መቅጃ እንስራ አጥቶ፣ ውሃ ሲጠማው ግማሽ ቀን ተጉዞ ከሩቁ ምንጭ በአፉ ጠጣ።

ከዚህ የምንማረው የሌላውን ምልክት ሰርቆ መጫር ቀላል ቢሆንም፣ ምልክቱን ያስከበረውን ልፋትና አብሮ የወቀጠውን ወዳጅ ግን ማንም ሰርቆ ወደ ቤቱ ሊያስገባ እንደማይችል ነው።