እስከ ጭራዋ የነደደች ጧፍ

ብርሃኑንም ጨለማውንም የፈጠረ አላህ ምስጋና ይድረሰው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ላይ ይሁን።

በድሮ ዘመን፣ የቆላና የደጋ ሰው ገበያ በሚገናኝባት አንዲት አሮጌ ከተማ ሸህ ተማም የሚባሉ ጧፍ ሠሪ ነበሩ። ሸህ ያሏቸው ኪታብ ስላስተማሩ አይደለም። ምላሳቸው አላህን ከሚያወሱበት ዚክር፣ እጃቸው ከሥራ ስለማይለይ ነው። የከተማዋ መስጊድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእሳቸው ጧፍ ነው የበራው።

ሥራው ቤት ውስጥ የሚሠራ ተራ ሥራ ነው። ቀፎ ቆራጮች የሚያመጡትን ሰፈፍ ከውሃ ጋር በሸክላ ማሰሮ ያቀልጡታል፣ በጨርቅ ያጠሉታል፣ ከዚያ ያሳድሩታል። ሲያድር ሰሙ ከላይ ይረጋል፤ ውሃው ከነጉድፉ ከታች ይቀራል። በማግስቱ የረጋውን አንስተው፣ ሥሩን በቢላ ፍቀው፣ ብቻውን እንደገና ያቀልጡና የጥጥ ፈትል ይነክሩበታል። መንከር፣ ማንጠልጠል፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ደግሞ መንከር። ለችኩል ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። "ያላደረ ሰም ፈትል አይንካው" ይሉ ነበር ሸህ ተማም ራሳቸው።

አንድ ዓመት፣ ረመዳን ነገ ሊገባ ዛሬ፣ እሳቸው ቸኮሉ። ከወንዝ ማዶ ሌላ ጧፍ ሠሪ መጥቶ "ለመስጊዱ እኔ ላብራ" ማለቱ ወሬው ደረሳቸው። ኢማሙ የሚቆምበት ሚህራብ በሌላ ሰው ጧፍ ሊበራ? ሰሙን ሳያሳድሩ፣ ውሃው ከሥሩ እንዳለ፣ በትኩሱ መንከር ጀመሩ።

ሚስታቸው እሜት ሩቅያ በር ላይ ቆመው አዩዋቸው።

"ሸህዬ፣ ይሄ ሰም አላደረም።"

"ከላይ ከላይ ነው የምነክረው። ውሃው አይደርስበትም።"

"ማሰሮው ሲጎድልስ?"

"የማሰሮውን ነገር ለእኔ ተይው።"

"ተውኩት። የእኔ ወጥ ጨው ሲበዛበት ግን ማንም ለእኔ አይተውልኝም።"

ዐሥራ ሁለት ጧፍ ወጣ። ማሰሮው ሲጎድል የመጨረሻዎቹ ጭራቸው ውሃውን ነክቶ እንደሆነ ሸህ ተማም አላዩም። እውነቱን ለመናገር፣ ማየት አልፈለጉም። ዐሥራ አንዱን ለረመዳኑ የመጀመሪያ ማታዎች ለመስጊዱ ሰጡ፤ ከሁሉ በኋላ የወጣችው አንዷ ቤት ቀረች።

በየምሽቱ የመግሪብ ሶላት አንድ ጧፍ እየበራ ዐሥሩ በሰላም ነደደ። ዐሥራ አንደኛው በበራበት ማታ መስጊዱ ውስጥ እሳት ተነሣ። የመስጊዱ አገልጋይ፣ ኻዲሙ እንድሬ፣ ጧፉን አብርቶ፣ ሰዉ ሰግዶ ሲበተን እሱም ከአጥሩ ሥር ወዳለችው ክፍሉ ሊያፈጥር ገብቶ ነበር። ሲመለስ ሰሌኑ ይነዳል። በጋቢውም በእጁም አፈነው። ከሰሌኑ አጠገብ የነበረው የቁርአን ጥራዝ፣ ሙስሐፉ፣ ግን ከግማሽ በላይ አመድ ሆነ። ያንን ሙስሐፍ የመስጊዱ ኃላፊ የሐጂ ሸምሱ አባት ሰባት ዓመት ሙሉ በእጃቸው የጻፉት ነበር።

ሐጂ ሸምሱ አመዱን በነጠላቸው ጠቅልለው አለቀሱ። ከዚያ ልቅሷቸው ወደ ቁጣ ዞረ። "ጧፉን ሰሌን ላይ ተክሎ ሆዱን ሊሞላ ሄደ!" አሉ። ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ሽማግሌ እንዲቀመጥ ተባለ። ጥፋቱ የእንድሬ ከሆነ ክፍሏን ለቆ ከከተማዋ ይወጣል። ሚስቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል።

ጁሙዓ ጠዋት ሸህ ተማም ለሶላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው ሲነሡ፣ እሜት ሩቅያ ቤት የቀረችዋን ጧፍ አምጥተው ፊታቸው አስቀመጡ።

"ይቺን ይዘዋት ይሂዱ።"

"ምን ታደርግልኛለች?"

"ለእርስዎ አይደለም። ለእንድሬ ነው።"

"ጾመኛ ነኝ ሩቅያ፣ አታናግሪኝ።"

"አፍ የሚጾመው ከእህል ነው። ከሐቅም ይጾማል እንዴ?"

ሸህ ተማም ጧፏን በእጅጌያቸው ከተው ወጡ።

በመስጊዱ በረንዳ አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። እንድሬ ሁለት እጁ በጨርቅ እንደተጠቀለለ መካከል ቆሟል።

"ሰሌኑ ላይ ነው ወይስ አይደለም የተከልከው?" አሉ ሐጂ ሸምሱ።

"ወላሂ መቅረዙ ላይ ነው።"

"እንግዲያ መቅረዙ እግር አውጥቶ ወደ ሰሌኑ ሄደ በለና!"

ከኋላ የቆሙ ሳቁ።

"ሐጂ፣ የተረፈውን ከእሳት ውስጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እጄን ይዩት" አለ እንድሬ።

"እጅህማ ይድናል። የአባቴ እጅ ግን ከእንግዲህ አይጽፍም።"

ሳቁ ጠፋ። ሸህ ተማም ከተቀመጡበት ተነሡ።

"ከዚያው ማሰሮ የወጣች አንዲት ጧፍ አለችኝ" አሉ። "እንድሬ እንዳለው መቅረዙ ላይ ትተከል። አሮጌ ሰሌን አጠገቧ ይነጠፍና ትፈተን።"

ለምን እንዳሉ አልተናገሩም። በልባቸው "ምናልባት ንጹሕ ናት" ይሉ ነበር። ካልሆነችም በእሳቸው ፈንታ ጧፏ እንድትናገር ፈለጉ።

ጧፏ በራች። ነፋስ የለም። ነበልባሏ አይወዛወዝ፣ ሰሟ አይንጠባጠብ። ሩቧ አለቀ። ቀኑ ይፋጃል፤ የጾመኛው ከንፈር ደርቋል፤ ሆኖም ከቦታው የተነሣ ሰው የለም። የእንድሬ ሚስት ከአጥሩ ሥር በክፍሏ በር ላይ ሆዷን ደግፋ ቆማለች። ጧፏ ግማሿ ላይ ደረሰች።

"ሱብሃነላህ፣ እንደ አሊፍ ፊደል ቀጥ ብላ ነው የምትነደው!" አሉ አንዱ ሽማግሌ። "የሸህ ተማም እጅ መች ያሳፍራል!"

"ድሮስ ማን ጠርጥሯቸው" አለ ሌላው።

ሐጂ ሸምሱ ተነሡ። "ይበቃል። ጧፉ ጥፋት የለበትም። እንድሬ፣ ከአሰር ሶላት በፊት ዕቃህን አውጣ" አሉና ሊያጠፏት ሁለት ጣታቸውን ወደ ነበልባሉ ዘረጉ።

እንግዲህ አስቡት። ሸህ ተማም አንዲት ውሸት አልተናገሩም። ጧፏን ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው። ሰው ሁሉ እያየ ነጽተዋል፣ ተመስግነዋልም። እነዚያ ጣቶች አንዴ ቢገጥሙ ነገሩ ያልቅ ነበር። የሐጂ ጣቶች ነበልባሉ ዘንድ ሊደርሱ ስንዝር ቀራቸው። ከዚያም ያነሰ ቀራቸው።

ሸህ ተማም የሐጂን እጅ አፈፍ አደረጉት።

"ይተዉአት።"

"ምን ቀረ ሸህ?"

"የእኔ ጥፋት ያለው ከታች ነው።"

ሁሉንም ተናገሩ። ሰሙ አለማደሩን፣ ከማዶ ስለመጣው ሰው ያደረባቸውን ቅናት፣ ሚስታቸው መክረዋቸው አለመስማታቸውን፣ ምንም አላስቀሩም።

"ውሃ ነክቷት ከሆነ ጭራዋ ላይ ስትደርስ ትናገራለች" አሉ። "ባትናገርም እኔ ተናግሬአለሁ።"

ጧፏ ቁልቁል ነደደች። አራት ጣት ቀራት። ሦስት ጣት።

ጠሽ አለች።

ነበልባሏ ተርገበገበ፣ ደግማ ጠሽ አለችና እሳት ያዘለ የሰም ፍንጣሪ ዘሎ ሰሌኑ ላይ ዐረፈ። ጥቁር ቀዳዳ ተከፈተ፤ ከዳሩ ጭስ፣ ከጭሱ እሳት ወጣ። ሰው ሁሉ እንደ ደነገጠ ሲያይ፣ አንድ ሰው ብቻ በተጠቀለለ እጁ ዘሎ አፈነው። እንድሬ ነበር።

ሐጂ ሸምሱ ጎንበስ ብለው የተቃጠለውን ሰሌን ዳሰሱ። ከዚያ ወደ እንድሬ ሄደው በጨርቁ ላይ እጁን ሳሙት። "አፉ በለኝ ልጄ" አሉ። ወደ ሸህ ተማም ሲዞሩ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

"ጧፍዎ ከዛሬ በኋላ እዚህ አይበራም።"

"ሐቅዎ ነው" አሉ ሸህ ተማም።

የዚያን ረመዳን ቀሪ ቀናት ሚህራቡ በማዶው ሰው ጧፍ በራ። ሸህ ተማም በዚያው ብርሃን፣ ከሰጋጆቹ ረድፍ በፊተኛው ሰፍ ቆመው ሰገዱ። አንድም መግሪብ አልቀሩም።

ዓመቱ ዞሮ ረመዳን ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ሐጂ ሸምሱ የሸህ ተማምን በር አንኳኩ። ገብተው ማሰሮው አጠገብ ቆሙ።

"ይሄ ሰም አድሯል?"

"አላደረም። ነገ ይምጡ።"

"ያን ቀን ላጠፋት ስል ለምን ያዙኝ ሸህ? እኔ እኮ ጨርሼልዎ ነበር።"

ሸህ ተማም የማሰሮውን አፍ ከደኑ።

"ሰው ጧፍን እስከ ወገቧ አይቶ ያመሰግናል፤ አላህ ግን እስከ ጭራዋ ይጠብቃል።"

ሐጂ ሸምሱ በማግስቱ ለመስጊዱ ጧፍ ፍለጋ መጡ።

እኔ ብዙ ኪታብ የቀራሁ ሰው አይደለሁም፤ ይህን ታሪክ ግን በሶላት መካከል ሳይቀር አስታውሰዋለሁ። የሚያስፈራኝ ሸህ ተማም ዝም ቢሉ ኖሮ ማንም ውሸታም የማይላቸው መሆኑ ነው። ውሸት ሲመጣ ስሙን እናውቀዋለን፤ "ይበቃል፣ አንተ ንጹሕ ነህ" የሚለው የሰው ቃል ግን እንደ ምርቃት ነው የሚመጣው፣ ደስ እያለን እንቀበለዋለን። እንዲህ ሲሉን ቀና ብለን እንይ፤ በእኛ መንጻት ዕቃውን ሊያወጣ የተነሣ እንድሬ አጠገባችን ቆሞ ይሆናል። ካለ፣ ጧፉ እስኪናገር ሳንጠብቅ እኛው እንናገር።

አላህ መጨረሻችንን ያሳምርልን። አሚን።