በአበጋዝ ስም የተቀበረው ሰው

በአንድ ወቅት የሆነ ነገር ነው። የአገሩንና የወንዙን ስም አልጠራም፤ የሦስቱም ወገኖች ዘመዶች በሕይወት ስላሉ ማንንም ማስቀየም አልፈልግም። የሆነውን ግን ሳልጨምርም ሳልቀንስም እናገራለሁ። ፍርዱ የእናንተ ነው።

ጦርነት መጣና ክተት ታወጀ። ከአንድ የደጋ መንደር ሁለት ሰዎች አብረው ወጡ። አንዱ አበጋዝ ሽፈራው ይባላል፤ ጠመንጃ ነበረው። ሌላው ልመንህ ነው፤ የአበጋዝን ስንቅ ተሸክሞ ይከተል ነበር። የዚያ ጊዜ የጦር ልማድ እንዲህ ነበር፦ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ጠመንጃ የያዘው ሰው ብቻ ነው። ስንቅ ተሸካሚው ከበቅሎው ጋር ይቆጠራል እንጂ ስሙ አይጻፍም። ቢሞት የሚጠይቅለት የለም፤ ቢቆስልም ጡረታ አይቆረጥለትም።

ጦርነቱ አለቀ። ሁለቱም አልተመለሱም።

የአበጋዝ ሚስት መርዶ አልቀበልም አለች። «ሬሳውን ያየ ሰው ይምጣና ያርዳኝ» አለች። የሚመጣ ጠፋ። ባሏ የሞተባት ሴት ጠጉሯን ትቆርጣለች፤ እሷ ግን ጠጉሯን ሳትቆርጥ፣ ጥቁር ሳትለብስ አረጀች። ትንሿ ልጇ ማንጠግቦሽ ማልቀስ ስትጀምር «ዝም በይ! በቁም ሰው ላይ አይለቀስም» ትላት ነበር። እናትየው በዚሁ ሐሳብ ሞተች። ማንጠግቦሽም የአባቷን እርም ሳታወጣ የልጅ ልጅ አየች።

የልመንህ ቤት ሐዘኑ ሌላ ነበር። መንደርተኛው ምክንያት ሲፈልግ ቆየና «ስንቅ ተሸካሚው ጌታውን ጥሎ ሸሽቷል፤ አፍሮ ነው የቀረው» አለ። ወሬው ለልጁ ለደብሪቱ ተረፈ። በማኅበር ጽዋው የሚደርሳት ከሁሉ በኋላ ነው። የሚጣላት ሰው ሌላ ስድብ መፈለግ አያስፈልገውም፤ «ሂጂ፣ የሸሺ ልጅ!» ማለት ይበቃዋል። ልጇ አስማረ ሚስት ሲጠይቅ የልጅቱ አባት ሽማግሌዎቹን «ለከዳተኛ ዘር ልጅ አልሰጥም» ብሎ መለሳቸው። ደብሪቱ ይህን ስትሰማ «አንድ ቀን እንኳ አንገቴን ቀና አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ብገባ» አለች። ከዚያ በኋላ ይህንኑ ትደጋግም ጀመር።

እንዲህ ብዙ ዘመን አለፈ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በሆዷ ውስጥ እብጠት ወጣባት። ሐኪሙ ልጇን ለብቻው ጠርቶ «ወደ ቤቷ ውሰዳት» አለው። እሷ ግን ነገሩ ገባት። «ከእናቴ ዘንድ ልሄድ ነው። አባትሽ የት ገባ ብትለኝ ምን እመልስላታለሁ?» አለች። የድሮ ወታደሮች የጡረታ ፋይል በትልቁ ከተማ እንደሚቀመጥ ሰምታ ነበርና፣ የልጇን ልመና ሳትሰማ ሆዷን በመቀነት አስራ ወጣች።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በአቧራ የተሸፈነውን ክምር አሳያትና ቀለደ። «እማማ፣ እዚህ የሚያነበው አይጥ ብቻ ነው።»

«አይጥ ከገባበት ቤት እኔ ምን በድዬ ነው የምከለከለው፣ ልጄ?»

«ፈቃድ ያስፈልጋል።»

«ፈቃዱን ሞት ሰጥቶኛል። ና፣ ሆዴን ንካው።»

እጁን ይዛ አስነካችው። ሰውየው ቀልዱን ተወ። ስትመላለስበት ሰነበተች፤ እሱም ፈለገላት፤ በመጨረሻም አገኘው። አበጋዝ ሽፈራው፤ የመንደሩ ስም ልክ ነው፤ የጠመንጃው ዓይነትም ልክ ነው። ፋይሉ ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። ሰውየው በጦርነቱ ቆስሎ ድኗል። ከዚያ በኋላ በቆላ፣ በአንድ የወንዝ ዳር ከተማ፣ ሠላሳ ዓመት ጡረታ ሲበላ ኖሯል። እዚያው ሞቶ በኪዳነ ምሕረት ተቀብሯል። የመጨረሻውን አበል የተቀበለችው «ልጁ ትርንጎ አበጋዝ» ናት።

ማንጠግቦሽ «ልጁ» የሚለውን ቃል ደግሞ እንዲያነብላት ጠየቀችው። አነበበላት። ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሞቶ ከሆነ እርሜን አወጣለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት» አለች። «ኖሮ ከሆነ ምኔን ላውጣ?»

ሠራተኛው አዘነላት፤ የፋይሉን ዋና ዋና ነገር በወረቀት ገልብጦ ሰጣት። እሷም መንደሯ ተመልሳ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት አስነበበችው። ያባቷን ነገር ከእርሷ ቢሰሙት ይሻላል ብላ ነው። ከሚነበበው መካከል የሐኪም ቃል ነበረበት፦ «ቁስል፣ ቀኝ ጭን። ሌላ ምልክት፣ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ከሥሯ የለችም፤ የቆየ ነው።»

ሁሉም ሰምቶ አለፈው። አስማረ ግን አላለፈውም። እናቱ ደብሪቱ ስለ አባቷ የምታስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጅ ሳለ ማጭድ የግራ እጁን ትንሿን ጣት ወስዶበት፣ እሷን ሲያቅፍ በአራት ጣት ነበር የሚይዛት። ይህን ለልጇ ሺህ ጊዜ ነግራዋለች።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ የአባትዎ እጅ ሙሉ ነበር?» አለ አስማረ።

«ምን ይጎድለዋል? ተኳሽ እኮ ነው።»

«እንግዲያው እዚያ የተቀበረው አያቴ ነው።»

ሰው ሳቀ። አንዱ ከኋላ «አይ ልመንህ! ሸሽቶ ሸሽቶ የሰው መቃብር ገባ በለኛ!» አለ። በማግስቱ ማንጠግቦሽ «ያም ሆነ ይህ አባቴ ነው» ብላ አፅሙን ለማምጣት ወደ ቆላ ስትወርድ፣ አስማረም በዚያው የጭነት መኪና ተሳፈረ።

ክረምት ነበር። ወንዙ ሞልቶ የኪዳነ ምሕረትን መካነ መቃብር ከታች በኩል እየገመሰ ይበላ ነበር። አስተዳዳሪው አባ ወልደ ትንሣኤ «ዘመድ ያለው አፅሙን ያውጣ፤ ዘመድ የሌለው በአንድ ጉድጓድ ይጠቃለላል» ብለው አውጀዋል። ሁለቱ ሲደርሱ ከመቃብሩ አጠገብ አንዲት ሴት አካፋ ይዛ ቆማለች። ትርንጎ ናት።

ትርንጎ መኪና መቆሚያ ላይ ማንጎ ትሸጣለች። በልጅነቷ ወላጆቿን ወረርሽኝ ጨርሶባት፣ ያ አንካሳ ጡረተኛ ከጎዳና አንሥቶ ቤቱ አስገባት፤ አሳደጋት፤ ስሙን ሰጣት። ሲታመም አጠበችው፤ ሲሞት ቀበረችው። የመጡበትን ጉዳይ ስትሰማ አካፋዋን መሬት ላይ ተከለች።

«አባቴን ማንም ከዚህ አይወስደውም። እኔው ራሴ ወደ ላይ፣ ደረቁ ቦታ አዛውረዋለሁ።»

«አባትሽ? የኔ አባት ነው!» አለች ማንጠግቦሽ።

«የሁለታችሁም አይደለም፤ አያቴ ነው» አለ አስማረ።

በዚህ ሲካረሩ መሬቱ ከሥራቸው አጉረመረመ። ዳርቻው ተገምሶ ወንዙ ውስጥ ወረደ፤ አፅሙ ያለበት ሳጥንም አብሮ ወረደ። ማንጠግቦሽ እሪ አለች። አስማረ ሮጦ እስከ ጉልበቱ ገባና ቆመ፤ ደገኛ ነው፣ ዋና አያውቅም። ትርንጎ እንደለበሰች ዘላ ገባች። ውኃው ይዟት ሄደ፤ ሰው ሁሉ አለቀላት አለ። ከታች አንድ የሾላ ሥር ላይ ሳጥኑንም እሷንም አገኟቸው። አንድ ትከሻዋ ወልቋል። ሳጥኑ ተሰነጣጥቆ ነበርና አፅሙን በነጠላዋ ጠቅልላ በጥርሷ ነክሳ ይዛዋለች።

የከተማው ሽማግሌዎች ከደጀ ሰላሙ ተሰበሰቡ። የሚመሯቸው አቶ ጓንጉል የሚባሉ አስተዋይ ሰው ነበሩ። አስማረ አባን አስፈቅዶ ነጠላውን ፈታ፤ የግራ እጁን አጥንት ለይቶ በነጭ ጨርቅ ላይ ደረደረ።

«ቁጠሩት» አለ።

አራት ጣት ነበር።

አቶ ጓንጉል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ አንዲት ትንሽ ጣት እኮ ናት። ወንዙ ወስዷት ቢሆንስ?»

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ትርንጎ ዝም ብትል ማንም ምንም አያውቅም ነበር። እሷ ግን የታሰረ ትከሻዋን ይዛ ተነሣች።

«ወንዝ አልወሰዳትም። ስሙ ልመንህ ነበር።»

ሊሞት ሲል የነገራትን ተናገረች። አበጋዝ ከልመንህ ጎን ተመትቶ ወደቀ። ልመንህ በዝናብ በእጁ ቆፍሮ አፈር አለበሰው፤ ቦታውን ግን ኋላ ሊያገኘው አልቻለም። የጌታውን ጠመንጃ አንሥቶ፣ እሱ በነበረበት ቦታ ገብቶ ተዋጋ። በሆስፒታል ሲነቃ መዝገብ ላይ ካለው የጠመንጃው ምልክት ተነሥተው አበጋዝ ብለው ጠሩት። ስንቅ ተሸካሚ ነኝ ቢል እግሩ የማይሠራ ሰው ጎዳና ሊወድቅ ነው፤ ዝም አለ። አንዴ ዝም ካለ በኋላ መንደሩ ሊመለስ አልቻለም። እዚያ የሚያውቁት በራሱ ስም ነዋ።

«በየዓመቱ ተዝካር ያወጣ ነበር» አለች ትርንጎ። «ሰዉ የወለደው ስለሌለ የቁም ተዝካሩን ያወጣል ይለው ነበር። የራሱን አልነበረም። ኃይለ ጊዮርጊስ በሚል ስም ነበር የሚያስጠራው።»

ማንጠግቦሽ አፏን በእጇ ያዘች። «ኃይለ ጊዮርጊስ የአባቴ የክርስትና ስም ነው።»

ክርክሩን የጀመረችውም ማንጠግቦሽ ናት። «አባቴ እንዳልሆነ አሁን አወቅሁ። ግን አባቴን አፈር ያለበሰው እጅ ይህ ነው፤ ተዝካሩን ያወጣውም ይኸው እጅ ነው። ሌላ መቃብር ከየት አመጣለሁ? ከናዳው የተረፈው የመቃብሩ ድንጋይ ላይ አበጋዝ ተብሎ ተጽፏል፤ እንደተጻፈ ወስጄ ከእናቴ አጥቢያ ልቅበረው፤ ላልቅስበት። ጊዜ የለኝም። እኔ ፋይሉን ባላወጣ ይህን መቃብር ከአገሩ ሰው ማን ያውቀው ነበር? እዚሁ በሰው አገር ይቀር ነበር።»

አስማረ ቀጠለ። «አያቴ አልሸሸም። ጌታውን ቀብሮ፣ በጌታው ጠመንጃ ተዋግቷል። በአበጋዝ ስም ከተመለሰ ግን አሁንም የሸሸ ነው፤ እናቴም አንገቷን እንዳቀረቀረች ትሞታለች። በሕይወቱ ስም አልነበረውም፤ በሞቱስ? እኔ ጣቱን ባላውቅ እናንተ ሁላችሁ በሰው ስም ልትቀብሩት ነበር።» ከዚያም ወደ ትርንጎ ዞረ። «እናቴ ያላገኘችውን አባት አንቺ አግኝተሻል፣ እህቴ። አጥንቱን እንኳ ተይላት።»

ትርንጎ አለቀሰች። «እኔ አንድ አባት ነው የማውቀው። ልመንህ ነው ተብሎ ከተወሰደ ድንጋዩ ይነቀላል፤ እኔስ የማን ልጅ ልባል? እሱ እዚህ ኖረ፣ እዚህ ሞተ፤ ሲኖር አንዳችሁም አልመጣችሁም። ከውኃ አፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እውነቱንም የነገርኳችሁ እኔ ነኝ። ዝም ባልኩ ይሻለኝ ነበር?»

አቶ ጓንጉል «ሁለቱም ስም በድንጋዩ ላይ ይጻፍ» ብለው ሞከሩ። አስማረ «በሞቱም ከጌታው በታች ሊጻፍ?» አላቸው። ሌላው ሽማግሌ በጨነቀው አፉ «ታዲያ አፅሙን ለሦስት...» ብሎ ሳይጨርስ አባ ወልደ ትንሣኤ ተቆጡ። «ሰው ነው እንጂ የቅርጫ ሥጋ ነው እንዴ? አንድ ሰው በአንድ መቃብር፣ በአንድ ስም ይጠራል!»

ቀኑ መሸ። አናጢ አዲስ ሳጥን ሠርቶ አመጣ፤ አፅሙም ገባበት። መኪናው ጠዋት ይነሣል፤ ከእሱ በኋላ ውኃው መንገዱን ሊቆርጠው ነው ተብሏል። ማንጠግቦሽ ሆዷን ይዛ ሳጥኑ አጠገብ ተጋደመች፤ አልነሣም አለች። አስማረ ከራስጌው ተቀመጠ። ትርንጎ ከእግርጌው ሆና የተበላሸውን ነጠላዋን ትጨምቃለች። አባ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙና «እንግዲህ ለፍትሐቱ ማንን ብዬ ልጥራው?» ብለው ሽማግሌዎቹን ጠየቁ።

እኔም ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። ለአንዱ ስፈርድ የሌሎቹ እንባ ይታየኛል፤ እንዳልሳሳት እፈራለሁ። ስለዚህ ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ ተከራከሩበት። ፋይሉን ፈልጋ ካገኘችው፣ ጣቱን ለይቶ ካወቀው፣ ከወንዙ ጎትታ ካወጣችው ከእነዚህ ከሦስቱ፣ ሳጥኑ የሚገባው ለማን ነው? አባስ ማንን ብለው ይጥሩት?