የፋሲካ ዋዜማ የቆርቆሮ ሥጋ

«ርካሹን ነው ያልኩት» አሉ ሽማግሌው፣ ለሁለት ቀን የጉልበት ሥራ የተከፈላቸውን ብር በመዳፋቸው እንደጨበጡ።

የሱቁ ባለቤት አቶ ማንደፍሮ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀመንበርም ናቸው። ለፋሲካ ሊሸምት የመጣው ሰው ሁሉ እያያቸው መሆኑ ደስ አላቸው፤ ርካሹንና ውዱን የቆርቆሮ ሥጋ ጎን ለጎን ደረደሩ።

«አባባ፣ ርካሹ ቆዳ ነው። ውዱ ግን አፍ ላይ ይሟሟል፤ ዛሬ ጠዋት ራሴ በልቼ አረጋግጫለሁ። ርካሹ የሚሻልበትን አንድ ምክንያት ከነገሩኝ በነጻ ይውሰዱት። ካጡ ግን ያለዎትን ብር አራግፈው ውዱን ይገዛሉ።»

ሽማግሌው ውዱን ቆርቆሮ ቀስ ብለው ወደ አቶ ማንደፍሮ ገፉት።

«እርስዎን የሚያህል የደብር ሹም ጾሙ ሳይፈታ ከበላው፣ እዚህ ውስጥ ሥጋ የለም ማለት ነው። እኔ ለነገ የምፈልገው ሥጋ ያለበትን ነው፤ ርካሹን ይስጡኝ።»