ሣር የጎረሰው ቃጭል

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፣ ተረት ይዤ መጥቻለሁ። «እሰይ፣ አውጪው!» በሉኛ!

ድሮ ነው። ድንጋይ ሲያዛጋ የሚሰማበት፣ አጥር ወሬ የሚያቀብልበት ዘመን። አጥሩስ አሁንም ያቀብላል፣ እሱን እንተወው። ያኔ አንዲት ሰስ ነበረች። ሰስ ታውቁ የለ? ያቺ ከገደል ገደል የምትዘለው። ክረምት ሲገባ ገደሏ ተናደና ቤት አልባ ቀረች። ሌላ ሙያ የላት፣ የምታውቀው ዳገት መውጣት ብቻ ነው። «እንግዲህ ሌላውን ላሠልጥንና በዚሁ ልደር» አለችና ከተራራው ሥር ወዳለው መንደር ወረደች።

መንደሩ መሃል አንድ ትልቅ ዋርካ አለ።

«አባባ ዋርካ፣ ጥላዎን ይስጡኝ። እንስሳውን አንድ በአንድ እያመጣሁ ጉልበቱን አጠነክራለሁ።»

«ልስጥሽ» አለ ዋርካ። «ግን እኔም በልቼ ነው የማድረው። ጥላዬ ሥር የዋለ ሁሉ እበቱን ጥሎልኝ ይሄዳል፣ ሥሬም ይጠግባል። ባዶ ጥላ ምን ያበላኛል? ገብሱ እስኪያሽት አንድ ተማሪ እንኳ ካላመጣሽ ለአያ ከርከሮ እሰጠዋለሁ። እሱ ተኝቶ ነው የሚውል፣ ግን በዚህ በኩል አይሰስትም።»

ሰስ መጀመሪያ ምን አደረገች? ታየች። በገበያ ቀን፣ መንደሩ ሁሉ በሚያልፍበት ሰዓት ዘለለች። ዘለለች፣ ተገለበጠች፣ በአራት ሰኮናዋ አንዲት ጠጠር ላይ ቆመች።

«ውይ ውይ ውይ!» አሉ። አህያ አናፋ። ዶሮዎች እልል አሉ። ከዚያስ? ከዚያማ ሁሉም ወደየቤቱ።

«ምነው አንቺስ አትቀሪም?» አለቻት ላምን።

«ምን ልሁን ብዬ ልቅር፣ እህቴ? አንቺ ተሰጥቶሽ ነው። እኛ አይተን ጠገብን።»

ሁለተኛ ምን አደረገች? አስነገረች። አውራ ዶሮን ለመነችው።

«አያ አውራ ዶሮ፣ ድምፅህ ያምራል፣ እባክህ ጩህልኝ።»

«ምን ልበል?»

«ወፍራም ሁሉ ይምጣ፣ ሰስ ታከሳዋለች በል።»

አውራ ዶሮ አጥር ላይ ወጣ። «ኩኩሉ! ስሙ ስሙ! ወፍራም ሁሉ ይምጣ! ሰስ ታከሳዋለች!»

እናንተ! መንደሩ በንዴት ተቃጠለ። በዚያ መንደር ሲገናኙ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ነው የሚባባሉት። «ከሳሽ» የተባለች እንደሆነ ቤቷ ገብታ ታለቅሳለች፣ ጎረቤትም ምን ነካት ብሎ ሊጠይቃት ይመጣል።

«እኛን ልታከሳን? ድርቅ ናት እንዴ?» አለች ላም።

«ባሏንም አክስታ ነው የገደለችው አሉ» አለች ዶሮ።

«ማን አየ?»

«እኔ ምን አውቄ። ተባለ ነው።»

ከዚያ ወዲያ እናቶች ልጆቻቸውን በዋርካው ሥር ማሳለፍ ተዉ። ዋርካውም «ራበኝ» እያለ ቅጠሉን ያርገፈግፋል።

ገብሱ ሊያሽት አንድ ወር ሲቀረው፣ ሰስ ማለዳ ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ ቁጭ ብላ ስትተክዝ «እስስ! እስስ!» የሚል ሰማች። እመት ላቲት ናት። ያቺ ላቷ ከኋላዋ እንደ ስልቻ የሚንጠለጠለው በግ። አንገቷ ላይ ቃጭል አለ፣ ወሬኛ ቃጭል። አንድ እርምጃ ስትራመድ «ቃጭ! ላቲት ተነሳች! ቃጭ! ላቲት ሁለት ጊዜ ቁርስ በላች!» የሚል።

«አስቀድሜ ልንገርሽ፣ እንዳታከሺኝ!» አለች ላቲት። «ላቴን እንዳትነኪብኝ። ክብሬ ነው።»

 ሰስ እስከዛሬ ማንንም ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀች።

«ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልጊው፣ እመት ላቲት?»

የላቲት እንባ መጣ። «ልጄ ተራራው ላይ ነው የተዳረችው። መንታ ወለደች። እኔ እናቷ አራስ ልጄን አልጠየቅኋትም። ሦስት እርምጃ ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። ገብሱ ሲያሽት ለግልገሎቹ ስም ይወጣላቸዋል። ያን ቀን ካልተገኘሁ ምን እናት ነኝ?»

«ትወጫለሽ።»

«ሳለከልክ ግን ማንም እንዳያየኝ። ለማንም አትነግሪም። ላቲት ትሙት በይ!»

«ላቲት ትሙት!» አለች ሰስ።

ላቲት ወደ ቃጭሉ ዞረች። «አንተስ?»

«እኔማ እንዴት ብዬ ዝም እላለሁ? ምላሴ እኮ በራሱ ነው የሚወዛወዝ!»

ላቲት አንድ ጉንጭ ሣር ነጭታ አፉ ውስጥ ጎሰጎሰችበት። «እምምም» አለ ቃጭል።

የመጀመሪያው ሳምንት መዝለል የለም፣ መሮጥ የለም። «ተኚ። ተነሺ። ተኚ። ተነሺ።»

«ይኼም ሥልጠና ሆኖ?» አለች ላቲት። «ይኼንማ በየቀኑ አደርገው የለ?»

«በየቀኑ እያቃሰትሽ ነው። አሁን ሳታቃስቺ።»

ሁለተኛው ሳምንት ኩይሳው ላይ መውጣትና መውረድ ሆነ። ሦስተኛው ሳምንት እስከ ተራራው ወገብ ደረሱ። ላቲት ስትደክም ሰስ አትቆጣም። «ትንፋሽሽን ሰብስቢ፣ ተራራው የትም አይሄድ» ትላታለች። ቃጭልም ሁሉን ያያል። ሆዱ በወሬ ተነፋ። ምን ያድርግ፣ ሣር ጎርሷል!

ገብሱ አሸተ። ማለዳ ላቲት ብቻዋን ዳገቱን ጀመረች፣ ሰስም ወደ ዋርካው ሄደች። አያ ከርከሮ የመኝታ ገለባውን ተሸክሞ ቀድሟታል። መንደሩም ጉድ ሊያይ ከቧል።

«የታለ ተማሪሽ?» አለ ዋርካ።

አንዲት ቃል ብትተነፍስ ጥላው የሷ ነው። አንዲት ቃል! ግን «ላቲት ትሙት» ብላለች።

«የማሳይዎት የለኝም፣ አባባ።»

«አንድ እንኳ?»

ሰስ ጥላውን ልትለቅ ዞረች።

«ይበላት!» አለች ዶሮ።

ከርከሮ ገለባውን አነጠፈ። «ይቅናሽ እህቴ» አለና በጎኑ ዘፍ አለ።

ላይ ደግሞ፣ ተራራው ጫፍ ላይ፣ ላቲት ደረሰች። ሳታቃስት! ልጇ «እምዬ!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ግልገሎቹም አያታቸው ሥር እየዘለሉ ገቡ። ትንሹ፣ ሣር መቅመስ ገና የጀመረው፣ ከቃጭሉ አፍ የወጣች ሣር አየ። ጎተታት። በላት። ሌላም ጎተተ። ጨረሰው።

ቃጭል የወር ወሬውን ለቀቀው።

«ቃጭ! ቃጭ! ቃጭ!»

ላቲት ደነገጠች። ከዚያ ቁልቁል መንደሯን አየች፣ ዋርካው የጎመን እግር አክሏል። ይህን ሁሉ በገዛ እግሯ ወጥታዋለች! ሳቋ መጣ።

«ተናገር! ዛሬስ ተናገር!» ብላ አንገቷን ናጠችው።

«ቃጭ! ላቲት ተራራ ወጣች! ቃጭ! ላቷን እንደያዘች ወጣች! ያወጣቻት ሰስ ናት! ወር ሙሉ፣ ከቁልቋሉ ጀርባ፣ ተኚ ተነሺ እያለች! ቃጭ!»

ታች መንደሩ ሁሉ ቀና አለ።

«ላቷን እንደያዘች ነው ያለው?» አለች ላም። «አላከሳቻትማ!»

«እኔማ ቀድሞም ጠርጥሬ ነበር» አለች ዶሮ።

«አንቺ ልጅ» አለ ዋርካ፣ «ተማሪ እያለሽ ነው ጥላዬን ልትለቂ የነበረው?»

«ምስጢሯ ነዋ፣ አባባ።»

ይኼን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ምስጢር ትጠብቃለች ማለት ነው! አንድ በአንድ ወደ ጆሮዋ ይጠጉ ጀመር። ላም «ማጥ ውስጥ ስገባ ጎታች ሳልጠራ መውጣት ነው የምፈልገው» አለች። ሽማግሌው ውሻ «ጅቡን ማባረሩ ቢቀር፣ ሳላስል ልጩህበት» አለ። ዶሮ ዞር ዞር ብላ አየችና «ቆጤ ላይ በአንድ ዝላይ መውጣት። ለማንም እንዳትነግሪ» አለች።

አውራ ዶሮም መጣ። «ዛሬስ ምን ብዬ ልጩህልሽ?»

«ተወው፣ አያ። ቃጭል ጮኾልኛል።»

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ጥላው ሞላ። ዋርካውም «ሥሬ ሞቀኝ!» እያለ ሳቀ። እመት ላቲትም ያን ትንሹን ግልገል «አሰማኸኝ» ብላ ስም አወጣችለት።

አያ ከርከሮ ብቻ ገለባውን ሊጠቀልል ተንጠራራ።

«አንተስ ምን ትፈልጋለህ?» አለችው ሰስ።

«እኔማ መተኛት ነው።»

«እሱን ከማንም በላይ ታውቅበታለህ።»

ከርከሮ ግራ ቀኙን አየ። «ስነሳ አለማቃሰት» አለ ቀስ ብሎ።

«በል፣ ተኛ። ተነስ።»

እንግዲህ ደንበኛ የምትፈልጉ ስሙኝ፦ አትዝለሉ፣ አታስጩኹ። አንዱን ምን እንደጎደለው ጠይቁት፣ ምስጢሩን ጠብቁለት፣ ያልደረሰበት አድርሱት። ከዚያ ወዲያ አፉን ሣር ቢሞሉትም ዝም አይልላችሁም።

ተረቴ ዳገቱን ወጣ፣ የሰማችሁኝም ጉልበታችሁ ይጽና።