ሰው የማይደርስበት ደሴት

እንዲያው ልጆቼ፣ ሀብት አንዳንዱን ሰው ከጎረቤት ይነጥለዋል። አቶ ዘርጋው የሚባል ባለጸጋ ነበር፤ ቤቱን በረጅም አጥር አሳጠረና «የሰው ቀብር ሲያዞረኝ አልኖርም» ብሎ ከሰፈሩ ዕድር ወጣ።

አንድ ቀን ሞቃት ባሕር መሃል ካለ ደሴት ሄዶ መዝናናት አማረው። የሪዞርቶቹን ፎቶ በስልኩ ቢያገላብጥ አንዱም አልጥም አለው። በግቢው ሰርቪስ ክፍል የምታድር፣ ምላሷ የማይታሰር ልብስ አጣቢ ነበረችው፤ ሊሳለቅባት ጠራት።

«አንቺ አዋቂ! እስቲ ምረጪልኝ። ጎረቤት የማላይበት፣ ጫጫታ የሌለበት፣ ማንም ‹አዋጣ› የማይለኝ፣ አሸዋ ላይ ተጋድሜ የምውልበት ይሁን። ካላገኘሽልኝ ዛሬውኑ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ውጪልኝ!»

ሴትዮዋ ልብስ ስታጥብበት የነበረውን እጇን በቀሚሷ ጠረግ ጠረግ አደረገች። ሌላ ማደሪያ የላት፣ ምስኪን።

«ጌታዬ፣ እንዲህ ያለውማ እዚሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አለ፤ አፈሩም ለስላሳ ነው» አለችው። «ችግሩ፣ እዚያ ተሸክሞ የሚያደርሰው ዕድር ነው። እርስዎ ደግሞ ወጥተዋል።»

አቶ ዘርጋው ስልኩን ኪሱ ከተተ። እሷን ማስወጣቱንም ረሳው፤ በማግስቱ የዕድሩ ዳኛ ደጅ ቆሞ «እባካችሁ መልሱኝ» ሲል ታየ።